ከወለድ ነጻ የሥራ ማስጀመሪያ ፋይናንስ ሥራ ላጣ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

ከወለድ ነጻ የሚባሉት የፋይናንስ ተቋማት በየአገሩ ከተስፋፉ ወዲህ፣ ከአገልግሎቶቻቸው መካከል ሥራ የሌለውን ሰው ሥራ ያስይዛል ተብሎ የሚነገርለት አንድ ዘርፍ አለ፤ እርሱም አነስተኛ የሥራ ማስጀመሪያ ፋይናንስ ነው። መሣሪያ፣ ማሽን ወይም የንግድ ዕቃ ለሚያስፈልገው ሰው ተቋሙ ያለ ወለድ ያቀርብለታል፤ ሰውየው ደግሞ እየሠራ በየወሩ ይከፍላል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ያንን አገልግሎት ነው። ስለ ተቋማቱ ትርፍና ስለ ባለአክሲዮኖቻቸው ድርሻ የሚጻፈው ብዙ ስለሆነ፣ እኔ ነገሩን የማየው ከባንኮኒው ወዲህ፣ ማለትም ማመልከቻ ይዞ ተራ ከሚጠብቀው ሥራ ፈላጊ ወገን ሆኜ ነው። የምጠይቀውም ውሉ ሐላል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ሥራ አጥቶ የገባው ሰው ሥራ ይዞ ይወጣል ወይ የሚለውንም ጭምር ነው።

በኢስላም አስተምህሮ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚነጣጠሉ አይደሉም። ቁርኣን በሱረቱል ጁሙዓ 10ኛ አንቀጽ፣ ሶላት ሲጠናቀቅ ምእመናን በምድር ላይ ተበትነው የአላህን ችሮታ እንዲፈልጉ ያዛል፤ በሱረቱ ነጅም 39ኛ አንቀጽ ደግሞ ለሰው የለፋበት እንጂ ሌላ እንደሌለው ይናገራል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ሰው በእጁ ሥራ ካገኘው የተሻለ ምግብ በልቶ እንደማያውቅ፣ ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር መናገራቸውን የነቢዩን ንግግሮች (ሐዲስ) የሰበሰቡት ቡኻሪ ዘግበዋል። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ መሸጡ፣ ሰጡትም ከለከሉትም፣ ሰዎችን ከመለመን እንደሚሻለው የሚናገረው ሐዲስም በዚያው ይገኛል።

ሥራ አጥነት ግን የግለሰቡ ጥፋት ተደርጎ ብቻ አይታይም። ሱረቱል ሐሽር በ7ኛው አንቀጽ ሀብት በሀብታሞች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር የሚል ምክንያት ያስቀምጣል፤ የወለድ ክልከላና ዘካም ከዚህ ምክንያት ጋር አብረው መነበብ አለባቸው። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡ እንዲያድግለት ከፈለገ ወደ ንግድ፣ ወደ እርሻ ወይም ወደ ሙያ ሥራ ገብቶ ከሚሠራው ሰው ጋር የትርፉም የኪሳራውም ተካፋይ መሆን ይኖርበታል። ዝም ብሎ ቢያስቀምጠው ደግሞ ኒሳብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ የሀብት መጠን) የሞላ እንደሆነ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ዘካ ይወጣበታል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገንዘቡ ራሱ የሚሠራ እጅ ፍለጋ መውጣት አለበት ማለት ነው። ከወለድ ነጻ የሆነ ተቋም ሥራ ፈጣሪ ነኝ ሲል ማስታወቂያ ማሳመሩ ብቻ አይደለም፤ ከቆመበት መሠረት የሚመነጭ ቃል እየገባ ነው። በቃሉ ልክ ሊጠየቅም ይገባዋል።

ለመመዘኛ የሚሆነኝን ነገር የወሰድኩት አቡ ዳውድ ከዘገቡት ከአነስ ኢብን ማሊክ ሐዲስ ነው። በዘገባው ሰንሰለት ላይ የሐዲስ ሊቃውንት የተነጋገሩበት ቢሆንም፣ ስለ ሥራ የሚጽፉ የሙስሊም ምሁራን ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቅሱታል። ከአንሷሮች (ነቢዩን ከተቀበሉት የመዲና ሰዎች) አንድ ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ ይመጣል። ነቢዩም ቤትህ ምንም ነገር የለም ወይ ብለው ይጠይቁታል። ሰውየው ከፊሉን የሚለብሱት ከፊሉን የሚያነጥፉት ጨርቅና ውሃ የሚጠጡበት ዋንጫ እንዳለው ይናገራል። ሁለቱንም አስመጥተው ማን ይገዛል ሲሉ አንዱ በአንድ ዲርሃም እወስዳለሁ ይላል፤ ማን ይጨምራል እያሉ ደጋግመው ከጠየቁ በኋላ ለሌላው በሁለት ዲርሃም ይሸጡለታል። ገንዘቡንም ለሰውየው ሰጥተው፣ በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ ያዙታል። መጥረቢያውን ይዞ ሲመጣ እጀታውን ራሳቸው በእጃቸው ይገጥሙለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ ለ15 ቀናትም እንዳያዩት ነግረው ያሰናብቱታል። ሰውየው የተመለሰው 10 ዲርሃም አግኝቶ ነው።

ይህን ዘገባ በስብከት ላይ የምንሰማው ልመናን ለመንቀፍ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ጎልቶ የሚታየኝ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። መነሻው ሰውየው ያለው ነገር ነው፤ የጎደለው ነገር አይደለም። ንብረቱ ገበያ ላይ ተጫርቶ በተሻለ ዋጋ ይሸጥለታል። ከመሣሪያው እኩል ለቤተሰቡ ቀለብ ይታሰብለታል። መሣሪያው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእጁ ይገባል። ሥራው ምን እንደሆነ ይነገረዋል፣ ተመልሶ የሚታይበትም ቀን ይቆረጥለታል። እንግዲህ የዛሬውን አገልግሎት ከዚህ አንጻር እንየው።

በተግባር አብዛኛው ከወለድ ነጻ ተቋም ለሥራ ፈላጊው የሚያቀርብለት ሙራበሓን ነው። አካሄዱ በወረቀት ላይ የተጣራ ነው። አመልካቹ የሚፈልገውን ዕቃ ፕሮፎርማ ያመጣል፤ ተቋሙ ዕቃውን ከሻጩ ገዝቶ የራሱ ያደርጋል፤ ከዚያም የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ በግልጽ ነግሮ ለአመልካቹ በዱቤ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ፣ አመልካቹ ቀን ጎድሎበት ቢያዘገይ እንኳ፣ አንዲት ሳንቲም አይጨመርበትም። ብዙ ተቋማት ሆን ብሎ ለሚያዘገይ ሰው ቅጣት ያስቀምጣሉ፤ ሆኖም ያ ገንዘብ ለበጎ አድራጎት እንጂ ለተቋሙ ገቢ አይሆንም። ወለድ እየተደራረበ ዕዳው ከዋናው ገንዘብ በላይ ሲያብጥ ላየ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በዚህ ረገድ አገልግሎቱ ቃሉን ያከብራል፤ ስለዚህም ያለ ማመንታት አመሰግነዋለሁ።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የእንጨት ሥራ ሙያ ያለው፣ ሲሠራበት የነበረው ድርጅት በመዘጋቱ ሥራ ያጣ አንድ ወጣት መላጊያ ማሽን ለመግዛት ሲያመለክት አብሬው ሄጄ ነበር። የተቋሙ ሠራተኛ በትሕትና ተቀብለው የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በፎርሙ ላይ እያመለከቱ አስረዱት። ፕሮፎርማ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ያለፉት ወራት የሂሳብ እንቅስቃሴ፣ መያዣ የሚሆን ንብረት፣ እርሱም ከሌለ የደመወዝ ማስረጃ የሚያቀርቡ ሁለት ዋሶች። ወጣቱ ፎርሙን ተቀብሎ ወደ መጨረሻው መስመር ሲደርስ «የአመልካቹ ወርሃዊ ገቢ» የሚል ባዶ ቦታ አገኘ። ምን ብዬ ልሙላው ብሎ ሲጠይቃቸው ሠራተኛዋም የሚመልሱት አጡ። ሥራ ለሌለው ሰው የተዘጋጀ አገልግሎት፣ ለመጀመር ገቢ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሩ የተከፈተው ለሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ሙያው፣ የሠራቸው ዕቃዎች፣ ሲያሠሩት የነበሩ ደንበኞች ምስክርነት፣ ከእነዚህ አንዱም በፎርሙ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ተቋሙ መያዣ መጠየቁን በራሱ አልቃወምም። የሚያበድረው ወይም የሚነግድበት ገንዘብ የአስቀማጮች አማና (አደራ) ነው፤ አማናን ሳይጠነቀቁ መበተን ደግሞ በሸሪዓ የሚያስጠይቅ ነው። የምቃወመው ጥንቃቄው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉን ነው። በሙራበሓ ተቋሙ ትርፍ የሚገባው ዕቃውን ገዝቶ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ የባለቤትነትን ኃላፊነት ስለሚሸከም ነው፤ ማሽኑ ከመረከቡ በፊት ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ኪሳራው የተቋሙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አመልካቹ ራሱ የተቋሙ ወኪል ተደርጎ ዕቃውን ይገዛል፣ የግዢውና የሽያጩ ሰነዶችም በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ቁጭታ ይፈረማሉ። ውክልናው በራሱ የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ተቋሙ ዕቃውን በዓይኑ ሳያየው፣ ጉድለቱንም ሳይሸከም ትርፉን ብቻ የሚወስድ ከሆነ፣ ሸቀጡ ወረቀት ለወረቀት እየተላለፈ ከብድር ጋር ያለው ልዩነት እየሳሳ ይሄዳል። ለሥራ ፈላጊው ይህ የፊቅህ (የኢስላም ሕግ ትምህርት) ክርክር ብቻ አይደለም። የተበላሸ ማሽን ከሻጩ ቢረከብ ማን ይቀይርለታል? ኃላፊነቱ የተቋሙ መሆኑን የሚያውቅ አመልካች ጥቂት ነው፤ የሚነግረውም እንዲሁ።

ሌላው ችግር የክፍያው ጊዜ ነው። ማሽኑ በገባ በወሩ የመጀመሪያው ክፍያ ይደርሳል። እንጨት ሠሪ ግን ማሽን በተከለ ማግስት ገንዘብ አይቆጥርም፤ እንጨት መግዛት፣ መሥራት፣ ማድረቅ፣ ቀለም መቀባት፣ ገዢ መጠበቅ አለበት። ሙራበሓ የሚሸፍነው የሚሸጥ የሚገዛ ዕቃን ስለሆነ፣ የቤት ኪራዩን፣ የረዳቱን ደመወዝና በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ቤተሰቡ የሚበላውን አይሸፍንም። በሐዲሱ ውስጥ ከሁለቱ ዲርሃሞች አንዱ ለምግብ የዋለው በከንቱ አይደለም። ልጆቹ የራቡበት ሰው መሣሪያውን ይሸጣል፤ ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት ሳይሆን ችግር የሚያስገድደው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ «ተበዳሪዎቹ ማሽኑን ሸጠው በሉት» እየተባለ የሚነገረው ወቀሳ፣ አገልግሎቱ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳያስብ በመዘጋጀቱ የመጣ ይመስለኛል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሲባል በአንዳንድ ተቋማት ተወሩቅ የሚባለው አሠራር ይቀርባል። አመልካቹ ፈጽሞ የማይፈልገውን ሸቀጥ በዱቤ ገዝቶ ተቋሙ ራሱ ለሌላ በእጅ በእጅ ዋጋ ይሸጥለትና ጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ2009 እ.ኤ.አ. ሻርጃ ላይ ባካሄደው ጉባኤ በዚህ መልክ የተደራጀውን ተወሩቅ አልፈቀደም። ለሥራ ፈላጊ አልመክረውም፤ ገንዘቡ በእጁ ይገባል፣ ዕዳውም ይገባል፣ ሥራ ግን በመካከሉ የለም።

ከሁሉም በላይ ሥራ ላጣ ሰው የተሠራ የሚመስለኝ፣ በባንኮኒው ላይ ግን እምብዛም የማይገኘው ሙዷረባ ነው። አንዱ ወገን ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላው ወገን ጉልበቱንና ዕውቀቱን ያወጣል፤ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ምጣኔ፣ ለምሳሌ 60 በ40 ሆኖ ይካፈላሉ። ኪሳራ ቢመጣ ገንዘቡ የሚጎድለው ከባለገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ የደከመበት ጊዜና ጉልበት ይቀርበታል፤ በቸልተኝነት ወይም ውሉን በመጣስ ካላጠፋ በስተቀር ዕዳ አይሸከምም። ነቢዩ ራሳቸው ከነቢይነታቸው በፊት በኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ ወደ ሻም (የሶርያ አካባቢ) ሄደው መነገዳቸው በታሪካቸው የታወቀ ነው፤ ሶሓቦችም (የነቢዩ ባልደረቦች) በዚህ ዓይነት ውል ሠርተዋል። ሥራ አጥ ማለት አብዛኛውን ጊዜ እጅና ዕውቀት ኖሮት ገንዘብ ያጣ ሰው ነው። ሙዷረባ የሚጠይቀው ደግሞ ያንኑ ያለውን ነገር ነው።

ታዲያ ለምን አይሰጥም? የጠየቅኳቸው የተቋማት ሰዎች የሰጡኝ ምክንያት ተመሳሳይ ነው። ትንሹ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ አይዝም፤ ትርፉን ይደብቃል፤ ኪሳራ ሳይኖር ከሰርኩ ይላል፤ እያንዳንዱን ለመከታተል የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ከሚገኘው ትርፍ ይበልጣል። ምክንያቱ ውሸት አይደለም። ገንዘቡ የሌላ ሰው በሆነበት ቦታ በየዋህነት መሥራት አይቻልም። ሆኖም ምክንያቱን ሰምቶ ዝም ለማለት ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም እነዚሁ ተቋማት የተመሠረቱት ትርፍና ኪሳራን መካፈል ይቻላል በሚል ሐሳብ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብጽ ውስጥ በሚት ጋምር ከተማ አሕመድ አን-ነጃር ያቋቋሙት የቁጠባ ባንክ የተነሣው ከአነስተኛ ገበሬዎችና ባለሙያዎች የሚሰበሰበውን ጥቃቅን ገንዘብ ለእነዚያው ሰዎች ሥራ ለማዋል ነው፤ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ለኋለኞቹ አርአያ ሆኗል። በ1975 እ.ኤ.አ. የእስላማዊ ልማት ባንክ በጂዳ፣ ዱባይ እስላሚክ ባንክም በዚያው ዓመት ሥራ ሲጀምሩ የነበረው ተስፋ ይኸው ነበር። ዛሬ ግን ዘርፉ ካደገ በኋላ የሚበዛው በዱቤ ሽያጭ ላይ የተመሠረተው ፋይናንስ ነው፤ የትርፍ ተካፋይነቱ ድርሻ ትንሽ ሆኖ ቀርቷል።

መካከለኛ መንገድ እንዳለ አንዳንድ ተቋማት አሳይተዋል። እየቀነሰ በሚሄድ ሙሻረካ ተቋሙና ሠራተኛው ማሽኑን በጋራ ይገዛሉ፤ ሠራተኛው ለተቋሙ ድርሻ ኪራይ እየከፈለ ድርሻውን ቀስ በቀስ ይገዛዋል፤ በመጨረሻም ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ይሆናል። በዚህ ውል ማሽኑ ያለ ሠራተኛው ጥፋት ቢወድም ሁለቱም በየድርሻቸው ይከስራሉ። ኢጃራ፣ ማለትም የኪራይ ውልም፣ እንዲሁ ነው፤ ዕቃው የአከራዩ እንደሆነ ስለሚቆይ ከባድ ጥገናው የተቋሙ ኃላፊነት ነው። ለእንጨት ሠሪው ወጣት ከሙራበሓው ይልቅ ይህን አማራጭ ቢነግሩት ኖሮ፣ የመያዣው ጥያቄ በከፊል ይቀልለት ነበር፤ ማሽኑ ራሱ የተቋሙ ንብረት ሆኖ ይቆያልና። አማራጩ በተቋሙ የአገልግሎት ዝርዝር ላይ ተጽፎ ነበር። ባንኮኒው ላይ ግን ማንም አላነሣውም።

ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ዋናውን ብቻ የሚመልሱት መልካም ብድር፣ ለድሃው በጣም ቅርብ የሆነው አገልግሎት ነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት መካከል በፓኪስታን ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. በዶክተር አምጃድ ሳቂብ የተመሠረተው አኹወት ይገኝበታል። ተቋሙ ያለ ወለድ ለአነስተኛ ሥራ ያበድራል፤ ብድሩን የሚያከፋፍለው በመስጊዶችና በቤተ ክርስቲያኖች ግቢ ነው፤ ተበዳሪዎችም አቅማቸው ሲፈቅድ ለሌሎች የሚውል ገንዘብ እንዲለግሱ ይበረታታሉ። ይህ አሠራር ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይፈታል። አንደኛ፣ ለቢሮ የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ብድሩ የሚሰጠው በሚያውቁት ሕዝብ ፊት ስለሆነ የደመወዝ ማስረጃ የማይሸከመውን እምነት ጎረቤቱ ይሸከመዋል። ሥራ አጥ ሰው ወረቀት ላይኖረው ይችላል፤ የሚያውቀው ሰው ግን አለው።

በዚህ አገልግሎት ላይ ያለኝ ጥያቄ ስለ አስተዳደር ክፍያው ነው። ብዙ አበዳሪዎች በቀርድ ሐሰን ላይ የአገልግሎት ክፍያ ያስከፍላሉ። ፊቅሁ የሚፈቅደው በእርግጥ የወጣውን ወጪ ያህል ብቻ ነው፤ ከብድሩ መጠንና ከጊዜው ርዝመት ጋር አብሮ የሚያድግ በመቶኛ የተቆረጠ ክፍያ ግን ስሙን ለውጦ የመጣ ወለድ እንዳይሆን መፈተሽ አለበት። ሁለተኛው ነገር መክፈል ያቃተው ሰው የሚስተናገድበት መንገድ ነው። ሱረቱል በቀራህ በ280ኛው አንቀጽ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቃናለት ድረስ እንዲታገሡት፣ ቢተዉለትም ለአበዳሪዎቹ የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። ይህ አንቀጽ በብዙ ተቋማት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በውሉ ውስጥ የእፎይታ ጊዜ አሰጣጡ በግልጽ ካልተጻፈ ግን፣ ዋሱን እየደወሉ ማስጨነቁ ከሌላው ባንክ አይለይም።

ዘካን በዚህ ግምገማ ውስጥ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራ ፈላጊውን በተመለከተ ከወለድ ነጻ ፋይናንስ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን የሚሠራው እርሱ ነው። ሱረቱ ተውባህ በ60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ይዘረዝራል፤ ድሆች፣ ምስኪኖችና ባለዕዳዎችም በውስጣቸው አሉ። እዚህ ላይ ሻፊዒያ የሚባለው የፊቅህ ወገን ሊቃውንት፣ ኢማም አን-ነወዊም ጭምር፣ ያስቀመጡት አስተያየት ዛሬም አዲስ ሆኖ ይሰማኛል። ሙያ ያለው ድሃ የሙያውን መሣሪያ የሚገዛበት ያህል፣ ዋጋው ቢበዛም ቢያንስም፣ ይሰጠዋል፤ ነጋዴ ደግሞ ከትርፉ ኑሮውን የሚሸፍንበት መነሻ ካፒታል ይሰጠዋል። ይህ ማለት የዘካ ዓላማ ሰውየውን በሚቀጥለው ዓመት ከዘካ ተቀባይነት ማውጣት ነው። በተግባር ግን የሚበዛው ዘካ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይበተናል፤ ተቀባዩ ለጥቂት ቀናት ይበላል፣ በቀጣዩ ዓመትም በዚያው ሰልፍ ይቆማል። ለአዛውንት፣ ለሕመምተኛና ለየቲም ይህ ተገቢ ነው። ጉልበትና ሙያ ላለው ወጣት ግን መጥረቢያው ቢሰጠው ይሻለዋል።

ስለዚህ ጥሩ አገልግሎት የምለው፣ የዘካ ፈንዱንና የፋይናንሱን መስኮት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኘውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀለብና የሙያ ማሻሻያው ሥልጠና ከዘካ፣ ማሽኑ በኢጃራ ወይም በሙሻረካ፣ የጥሬ ዕቃው መግዣ በቀርድ ሐሰን ቢሸፈን፣ አንድ ሰው ሥራ የሚጀምርበት ነገር ሁሉ ተሟላለት ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ የፊቅህ ጉዳይ አለ። ብዙ ሊቃውንት ዘካ በተቀባዩ ባለቤትነት ሥር መግባት አለበት ይላሉ፤ ስለዚህ በዘካ ገንዘብ ፋብሪካ አቋቁሞ ድሆችን በደመወዝ መቅጠር አከራካሪ ነው። መሣሪያውን ለሰውየው አስረክቦ የራሱ ማድረግ ግን ከክርክሩ ውጭ ነው።

አገልግሎቱ ፈጽሞ የዘነጋው አንድ ትልቅ ወገን ቀርቷል። ሥራ ፈላጊ ሁሉ የራሱን ሱቅ ወይም ወርክሾፕ መክፈት አይፈልግም፤ ሁሉም ለንግድ አልተፈጠረም። የሚበዛው ሰው የሚፈልገው በታመነ ቀጣሪ ዘንድ በደመወዝ መሥራትን ነው፤ ይህም በኢስላም የተከበረ ነው። ሱረቱል ቀሶስ ሙሳ (ዐ.ሰ) ስምንት ዓመት ሊሠሩ፣ ዐሥር ቢሞሉ ደግሞ በፈቃዳቸው እንዲሆን ተስማምተው መቀጠራቸውን ይተርካል፤ ጊዜውና ዋጋው አስቀድሞ ተለይቶ የታወቀ ውል ነበር። የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ታዟል። ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን ሙሉ አሠርቶ ደመወዙን የማይከፍለውን ሰው አላህ በትንሣኤ ቀን እንደሚሟገተው የሚናገረው ሐዲስ ደግሞ በቡኻሪ ተዘግቧል።

ታዲያ ተቋሙ ለትልልቅ ነጋዴዎች በሙራበሓ ማሽንና መኪና ሲያቀርብ፣ ስንት ሰው ትቀጥራለህ፣ ደመወዝ በወቅቱ ትከፍላለህ ወይ ብሎ የማይጠይቀው ለምንድን ነው? የሸሪዓ አማካሪ ቦርዱ ዕቃው አሳማ ወይም አልኮል አለመሆኑን ይመረምራል፤ ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም የተገዛው ማሽን ደመወዛቸው በተያዘባቸው ሠራተኞች እጅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ምርመራው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ለቀጣሪው የሚሰጠው ፋይናንስ ላይ አንድ የቅጥርና የደመወዝ አንቀጽ መጨመር ተቋሙን ብዙ አያስወጣውም፤ ለሥራ ፈላጊው ግን ከመቶ አነስተኛ ብድሮች የበለጠ በር ይከፍትለታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መስተንግዶው ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ሠራተኞቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ውሎቹ የሚጻፉበት ቋንቋ ደግሞ በዐረብኛ የሕግ ቃላት የተሞላ ስለሆነ ቅድመ ማብራሪያ ሳይሰጥ ማስፈረም ተገቢ አይደለም።

ሙያ፣ ጥቂት መያዣና የሚጠብቀው ገበያ ላለው ሰው አገልግሎቱ አሁን ባለበት ሁኔታም ጠቃሚ ነው፤ ከወለዱ ይገላግለዋል፣ ዕዳውም አያብጥበትም። ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ግን በመጀመሪያ ወደ ዘካ ፈንድ ወይም ቀርድ ሐሰን ወደሚሰጥ ማኅበር እንዲሄድ እመክረዋለሁ። ወደ ሙራበሓ የሚገባም ከመፈረሙ በፊት በግልጽ ይጠይቅ። ዕቃው ተበላሽቶ ቢገኝ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ለሦስት ወር ይገፋ እንደሆነ፣ መክፈል ቢያቅተው የእፎይታው አሰጣጥ በውሉ ስንተኛ አንቀጽ ላይ እንደተጻፈ፣ ኢጃራና ሙሻረካ ለእርሱ ሥራ ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቅ፤ መልሱንም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል። የእንጨት ሠሪው ወጣት ማመልከቻ ዋስ በማጣቱ ተመልሶበታል፤ አሁን የሚሠራው በሌላ ሰው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ማሽኑን በሰዓት ሂሳብ እየተከራየ ነው።